ሲስተም የለም

ከጎጃሟ ወንበርማ ወረዳ ቀበሌዎች ጉዳይ ሊያስፈጽም ወደ ወረዳው ከተማ ሽንዲ የሚወርድ ገበሬ ወረቀቱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በኪሱ፣ ኪሱን በጋቢው ሸፍኖ ነው የሚመጣው። ብር እንኳ እንዲህ አይሸሸግም። ይህን ያህል ተጠንቅቆ ለመጣ ሰው ዛሬ ዛሬ በየቢሮው በር የሚጠብቀው መልስ አጭር ነው፤ «አባባ፣ ሲስተም የለም።»

ድሮ መልሱ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነበር። ያም ደስ አይልም፤ ግን ስብሰባ ያልቃል። ኃላፊው ሲወጡ ደጅ ተጠንቶ፣ መንገድ ተጠብቆ «አቤት ጌታዬ» ይባላል። ሲስተም ግን ቤቱ አይታወቅ፣ ሽማግሌ አይላክበት።

በ1990ዎቹ የመንግሥት ቢሮዎችን የሚያገናኘው ወረዳኔት ሲዘረጋ በየወረዳው ቢሮ የሳተላይት ሳህን ተተከለ፤ ስብሰባውም በስክሪን ሆነ። ባለጉዳዩ ውጭ እንደቆመ ነበር። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ መጥቷል፤ አሥር ጣት፣ ሁለት ዓይን፣ ፊት ይጠይቃል። ዕድሜ ልኩን እርፍ የጨበጠ ሰው ጣቱን መሣሪያው ላይ ይጭናል፤ መሣሪያው ዝም ይላል። አሻራው እርፉ ላይ ቀርቷል። «መቼ ተወለዱ?» ሲባል «አብዮቱ የፈነዳ ዓመት፣ ጤፍ ሲታጨድ» ይላል። ለማንም ጎጃሜ በቂ መልስ ነው፤ ቅጹ ግን ቀን ይፈልጋል።

ገበሬው አዲስ ነገር ስለሚፈራ ነው እንዳይባል የመሬት ደብተሩ አለ። አማራ ክልል ከ1995 ገደማ ጀምሮ የይዞታ ደብተር ሲያድል የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጠፈበት። ደብተሩ ሳጥን ውስጥ፣ መዝገቡ ቢሮ ውስጥ፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥም ደብተሩ ከሳጥኑ አልጠፋም።

ኮምፒዩተሩ አይምጣ የሚል የለም፤ የተቀደደ መዝገብና የደበዘዘ ማኅተም ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰ ይታወቃል። ግን «ሲስተም የለም» የሚል ሠራተኛ የባለጉዳዩን ነገር በእጁ መዝግቦ፣ የራሱን ስም ጽፎ፣ ፈርሞ ይስጠው። ሲስተሙ ሲመጣ ወደ ማሽኑ ማስገባት የቢሮው ሥራ ነው። ከወንበርማ ዳር ሽንዲ ድረስ በእግር ሄዶ መመለስ ግን የማንም ሥራ አይደለም።