ሽፍታ ነው ወይስ ሌባ?

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን የመርከብ ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ፊልም ጀመሩ እንዴ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ፊልም አይደለም፣ ቲያትር ነው። በውስጥ መስመር ለሁላችሁም ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

በሰሜን ጀርመን፣ ሩገን በምትባል ደሴት ላይ፣ ራልስቪክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እዚያ ውሃው ዳር፣ ጣሪያ በሌለው ትልቅ መድረክ፣ ከ1993 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የባሕር ወንበዴው የክላውስ ሽቴርትቤከር ታሪክ ይታያል። በ2020 እና በ2021 ኮሮና አቋረጠው እንጂ በየዓመቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ ገደማ አለ። ከመቶ በላይ ተዋናይ፣ የሚጋልቡ ፈረሶች፣ እውነተኛ መርከቦች፣ መድፍ፣ እሳት። ሲያልቅ ደግሞ ርችቱ ውሃው ላይ ይፈነዳል። በየዓመቱ ታሪኩ አዲስ ስለሆነ ልጆቹ «አይተነዋል» ብለው አያመልጡም።

እኛ ከሃምቡርግ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነድተን እንሄዳለን። ዳቦ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ጋቢ። ፈረንጆቹ ብርድ ልብስ ሲያወጡ እኛ ጋቢያችንን እንከናነባለን። ዝናብ ቢመጣም ከቦታው ንቅንቅ የለም።

ሰውየው ማነው? በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በባልቲክና በሰሜን ባሕር የነጋዴ መርከብ ሲዘርፉ ከነበሩት አለቆች አንዱ ነው ይባላል። እነዚህ ሰዎች በዴንማርክ ጦር ለተከበበችው ስቶክሆልም እህል በማስገባት ስም ያወጡ ናቸው። ኋላ ጦርነቱ ሲያበቃ ዝርፊያው ቀጠለ። ራሳቸውን «ሊከዴለር» ይሉ ነበር፤ እኩል ተካፋዮች ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሃምቡርግ ነጋዴዎች ያዟቸውና በ1400 ወይም በ1401 እኛው ከተማ ውስጥ አንገታቸው ተቀላ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ሽቴርትቤከር «አንገቴ ከተቆረጠ በኋላ በእግሬ ያለፍኳቸውን ጓዶቼን ማሩልኝ» ብሎ ለመነ፤ ያለ ጭንቅላት አሥራ አንድ ሰው አልፎ ሄደ፤ ገዳዩ እግሩን አደናቀፈው፤ ከንቲባውም ቃሉን አጥፎ ሁሉንም አስገደላቸው። በ1878 በወደቡ አካባቢ የተገኘ፣ በምስማር የተመታ የራስ ቅል የሱ ነው ተብሎ ሙዚየም ገባ። እሱም በ2010 ተሰርቆ በዓመቱ ተገኘ። የወንበዴ ጭንቅላት በሌባ ተሰረቀ ማለት ነው!

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ዘንድሮ እናቴ ከጎንደር መጥታ አብራን ነበረች። ቤት ውስጥ ያስጨነቀኝ ነገር ነበር። ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በጀርመንኛ ነው። እናቴ «ደህና ነሽ?» ስትል «ደህና» ይሏታል፣ እዚያ ላይ ያበቃል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ዝም ሲባባሉ ማየት አንጀት ይበላል።

ቲያትሩ ላይ እኔ ትንሹን ልጄን ይዤ ራቅ ብዬ ስለተቀመጥኩ ማስተርጎሙ ትልቋ ልጄ ላይ ወደቀ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቴ ደግሞ ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። «ይሄ ማነው? ምን አለው? ለምን መታው?» ልጄ ቃል ሲጠፋባት በእጇ፣ በፊቷ፣ በተሰባበረ አማርኛ ታስረዳለች። «እምዬ፣ እሱ ሌባ ነው፣ ግን ጥሩ ሌባ። ለደሃ ይሰጣል።» እናቴ ሳቀች። «ሌባማ አይደለም የኔ ልጅ። ሌባ ተደብቆ ነው የሚሰርቅ። ይሄ ስሙን ተናግሮ የሸፈተ ነው። ሽፍታ በይ።»

ከዚያማ ማን ያስቆማት! በእረፍቱ ሰዓት የመይሳው ካሳን ታሪክ ጀመረች። ቴዎድሮስ ተብሎ በ1855 ከመንገሡ በፊት ቋራ በረሃ ሸፍቶ እንደነበር፣ የዘረፈውን ለገበሬ አካፍሎ «እረሱበት» እንዳለ። ልጄ አፏን ከፍታ ሰማች። ቀጥላም በአማርኛ ጠየቀቻት፦ «ግን እምዬ፣ የተዘረፈው ሰውዬ ልጆች የሉትም?»

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «አሉት እንጂ። ያካፈሉት ይዘፍናል፣ የዘረፉት ያለቅሳል። ዘፈኑ ግን ሩቅ ይሰማል» አለቻት።

እኔ ጎንደር ታሪክ ሳስተምር በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ልክ አስረድቼ አላውቅም። ተማሪዎቼ ምስክሮች ናችሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ማውራት አላቆሙም። ልጄ ስሕተት ትናገራለች፣ እናቴ ታርማለች፣ ይሳሳቃሉ። እናቴ አሁን አገሯ ገብታለች። ልጄ በየእሑዱ ትደውልላታለች፤ እኔ «ደውይ» ሳልላት።

ውጭ አገር ልጅ ለምታሳድጉ ይህን እላለሁ፦ ቋንቋ በ«አማርኛ ተናገር!» ቁጣ አልመጣ ካለ፣ አያት የማታውቀውን ነገር ልጁ የሚያውቅበት ቦታ ውሰዷቸው። ቲያትር ይሁን፣ ኳስ ሜዳ ይሁን፣ የፈለገው ይሁን። እናንተ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ልጁ ያስተርጉም።

እናንተስ? ሽፍታ ነው ወይስ ሌባ? የየአገራችሁን የሽፍታ ታሪክ ከታች ጻፉልኝ፤ ለልጄ አነብላታለሁ። ሰላም ሁኑልኝ።