ሸረሪቷን ከመርገጣችን በፊት



እኛ በመስጂድ የምናገለግል ሰዎች ምንጣፍ ስናነሳ ሸረሪት ካገኘን፣ ልጆቹ ጫማቸውን ሲያነሱ እናያለን። ትልልቆቹም «ቤቷ ከቤት ሁሉ ደካማ ነው ተብሎ የለ?» ይላሉ። አዎን፣ 29ኛው ሱራ «አል-ዐንከቡት» በስሟ ተጠርቷል፤ 41ኛው አያም የቤቷን ድክመት ይነግረናል። ምሳሌው ግን የተነገረው ከአላህ ሌላ ረዳት ለያዙ ሰዎች ነው፤ ግደሏት አይልም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ደግሞ አንዲት ጉንዳን ስለነከሰችው የጉንዳኖቹን መንደር ያቃጠለ ነቢይ፣ አላህን የምታወድስ ኡመት በማጥፋቱ ተወቅሷል።

በኒውዚላንድ የባህር ዳርቻ አሸዋ ላይ ካቲፖ የምትባል ሸረሪት አለች። በማኦሪዎች ቋንቋ ስሟ «የሌሊት ተናዳፊ» እንደ ማለት ነው፤ መርዘኛ ናት። ከሳሩና ባህር ከተፋው እንጨት ስር ትኖራለች። ዳርቻው ቤት ሲሠራበት፣ መኪና ሲነዳበትና ከውጭ የመጣ ሳር ሲሸፍነው መኖሪያዋ ጠበበ። ሌላ መሄጃ የላትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ጥበቃ ተደረገላት። ሰዎቹ መርዘኛዋን እንኳ አትጥፋ አሉ!

እኛ ዘንድ ባህር ባይኖርም ብርቅዬ እንስሳ መጠበቅ አዲስ ነገር አይደለም። በዞናችን የኩኒ ሙክታር መጠለያ የተከለለው ከኢትዮጵያ ውጪ ለማይገኘው ለደጋ አጋዘን ነው። የአጋዘኑን ምስል በ10 ሳንቲም ላይ ሁላችንም አይተናል። ትንንሾቹን ፍጥረታት ግን ማንም አያስታውስልን።

በጫትና በማሽላ ማሳችን የእርከን ድንጋይ ስር የሚኖሩ የምድር ሸረሪቶች አሉ። ድር ዘርግተው አይጠብቁም፤ ሌሊት እየሮጡ ያድናሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ነፍሳትና መሰል ነገር ይበላሉ። ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የማሳ ዘበኞች ናቸው።

ታዲያ ጫቱ ላይ የምንረጨው መድኃኒት ተባዩንና ዘበኛውን አይለይም። ተባዩ ቶሎ ይራባል፤ ሸረሪቷ ግን ቀስ ብላ ነው የምትመለስ። ስለዚህ ደግመን እንረጫለን፣ ወጪው ይጨምራል። ለወባ ትንኝ የመጣው ዲዲቲ ሳይቀር በአገራችን ጫት ላይ መገኘቱን ጥናቶች አሳይተዋል። ያ ቅጠል ደግሞ ሳይበስል ነው የሚቃመው! ብዙ ቤት በጫት ገቢ እንደሚተዳደር እናውቃለን፤ ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም።

የምንለው ቀላል ነው። ተባይ ሳናይ አንርጭ። ስንረጭም ለሰብሉ የተፈቀደውን፣ በልኩ፣ የግብርና ባለሙያ ጠይቀን ይሁን። የእርከኑን ድንጋይና የማሳውን ዳር ሣር አንንካ፤ መጠጊያቸው ነው። ብርቅዬ እስኪሆኑ ከጠበቅን እንደ ካቲፖ ሕግ ማውጣት ሊያስፈልገን ነው። ዛሬ ግን ድንጋዩን ባለበት መተው ይበቃል።

ወላሁ አዕለም።