ስድስት ፒን

በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ለሁሉም ነገር የሚጠራ ልጅ ነበር። ዓርብ የመዘምራን ልምምድ፣ ቅዳሜ የሕፃናት ክፍል፣ እሑድ ደግሞ የድምፅ መሣሪያ። አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ኮሌጅ በገባ በመጀመሪያው ዓመት መቅረት ጀመረ። ደውዬ "እንገናኝና እንጸልይ" ስለው፣ "ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጫወትበት ሱቅ አለ፤ እዚያ ና" አለኝ።

እዚህ ሜሪላንድ እንዲህ ያሉ ሱቆች አሉ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ትንሽ መንደር ተዘርግቷል፤ በቤቶቹ መካከል ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ በእጅ ቀለም የተቀቡ ወታደሮች ቆመዋል። ጨዋታው ቦልት አክሽን ይባላል። በ2012 እንግሊዝ አገር የወጣ ሲሆን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ውጊያዎች ያጫውታል። እውነቱን ልናገርና፣ ስለ ጦርነት ጨዋታ ምክር አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። እሱ ግን ዳይስ አስጨበጠኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ጓድ አንድ ዳይስ ከረጢት ውስጥ ይገባል። የማን ቀለም እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ዳይሱ የወጣለት ሰው ለአንዱ ጓዱ ትእዛዝ ይሰጣል። ተኩሱ፣ ወደፊት ቀጥሉ፣ ሩጡ፣ አድፍጡ፣ መሬት ያዙ፣ ተረጋጉ። ስድስት ትእዛዝ ብቻ። እኔ የማውቀው "ሩጡ" እና "ተኩሱ" የሚሉትን ነበር። ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ፤ ሁለተኛው ደግሞ ያሳፍር ነበር።

ያላስተዋልኩት ፒኑን ነው። በአንድ ጓድ ላይ ተተኩሶ አንድ ጥይት እንኳ ካገኘው፣ ማንም ባይሞትም ፒን ይቀመጥበታል። መደበኛ ጓድ ሞራሉ 9 ነው፤ እያንዳንዱ ፒን አንድ ይቀንስለታል። ፒን ያለበት ጓድ ሲታዘዝ ሁለት ዳይስ ይጣልለታል፤ ድምሩ ከቀረው ሞራል ከበለጠ አይታዘዝም። ፒኑ 9 ከደረሰ ጓዱ በሙሉ ከጠረጴዛው ይነሳል።

"ጋሼ፣" አለኝ ልጁ፣ "ስድስት ፒን የተሸከሙትን ሰዎች ሩጡ እያልካቸው እኮ ነው። ሦስት ወይም ከዚያ በታች ማውጣት አለብህ። ከ36 ዕድል ሦስቱ ብቻ ናቸው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ? ቆመው ይዋሉ?"

"አዎ። ተረጋጉ በላቸው።"

"ተረጋጉ" የተባለ ጓድ አይሄድም፣ አይተኩስም። አንድ ዳይስ ተጥሎ በወጣው ቁጥር ልክ ፒኑ ይነሳለታል። እኔ ይህን ትእዛዝ ተራ እንደማባከን ነበር የቆጠርኩት። እሱ ግን ሁለት ሦስት ፒን ሲደርስ ይጠቀምበታል፤ ስድስት እስኪሞላ አይጠብቅም። ዳይሱ ሲወጣለትም የሚያጓጓውን ሳይሆን ቶሎ ካልደረሱለት የሚጠፋውን ጓድ ነው የሚያስቀድመው። መኮንኑንም እንደ እኔ ከፊት አያስሮጠውም፤ ከደከሙት አጠገብ ያቆመዋል፤ አጠገቡ ያሉት ሞራላቸው ከፍ ይላልና። ሦስተኛውን ጨዋታ በእኩል ወጣን።

ወታደሮቹን ወደ ሳጥናቸው ስንመልስ፣ ቀና ሳይል፣ ሁለት ኮርስ እንደወደቀ ነገረኝ። አባቱ ከሥራ ስለተቀነሰ እሱ ሌሊት መጋዘን ይሠራል። ዓርብ ልምምድ የሚመጣው ሳይተኛ ነበር። ለማን እንደሚናገር አላወቀም፤ እኔ ስደውልለት ሁልጊዜ የምፈልገው ነገር አለኝና።

ቦርሳዬ ውስጥ የፋሲካ ፕሮግራም ነበር። ስሙ ሦስት ቦታ ተጽፏል። ለመስጠት ነበር ያመጣሁት፤ ሳላወጣው ቀረሁ። ስለ ኤልያስ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! ከክትክታው ዛፍ ሥር ሁለት ጊዜ ተኝቶ ሁለት ጊዜ እንደበላ፣ አዲስ ተልእኮ የተሰጠው ከዚያ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ልጅ ግን በልቶ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ያን ቀን አብረን በላን።

ሰኞ ለኮሚቴው ስሙን እንዲያወጡ ነገርኩ። "ወጣቱን እያቀዘቀዝክ ነው" ያለኝ ሰው ነበር፤ ምናልባት ልክ ይሆናል ብዬ ሁለት ሳምንት ተጨነቅሁ። ልጁ እስካሁን ወደ አገልግሎት አልተመለሰም። ባለፈው እሑድ ግን መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ሄጄ ሰላም አልኩት፤ ምንም ሳልጠይቀው ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።