ድመቴን ይዤ ደጅ ስወጣ

ድመት በገመድ ይዤ ከኮንዶሚኒየሙ ስወርድ ጎረቤት ይገረማል። ዝም ብዬ እንዳልለቃት ግን መርዝ የበላ አይጥ በየጥጉ አለ፣ የሰፈር ውሻም አለ። አንገቷን ማሰር አደጋ ነው፤ ከደነገጠች ትታነቃለች። ደረቷን የሚይዘው ሃርነስ ይሻላል፣ 2 ጣት ብቻ እስኪያስገባ ጠበቅ ተደርጎ።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሳለብሳት ሆዷን ምንጣፉ ላይ ለጥፋ፣ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች ሄደች። የታመመች ነው የምትመስለው! ምግብ ሲቀርብላት ብቻ እያለበስኳት ቀስ በቀስ ረሳችው።

ደጅ የማወጣት ታቅፌ ነው። በራሷ እግር ደፉን ከተሻገረች በሩ በተከፈተ ቁጥር ሹልክ ማለት ትለምዳለች። ሣሩ ላይ ሳስቀምጣት ጆሮዎቿ ለየብቻ ይዞራሉ፣ አፍንጫዋ አያርፍም። አልጎትታትም፤ ወደ መራችኝ እሄዳለሁ፣ ከቆመችም እቆማለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳታስከትቡ ግን ድመት ደጅ አታውጡ፣ አደራ።