እማዬ መነጽሯን ስታወልቅ

እናንተ ቤት ለማንበብ መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው አለ? እኛ ቤት እማዬ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሩቁ አይታያትም፤ ያለ መነጽር መንገድ ላይ ሰላም ያላትን ሰው አትለይም። ጡረታ ከመውጣቷ ጥቂት ዓመታት በፊት ጀምሮ ግን ዳዊቷን ልትደግም ስትቀመጥ መነጽሯን አውልቃ ያገኘችው ቦታ ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። "መነጽሬን ያየ?" ትላለች፣ ቤቱ በሙሉ ፍለጋ ይወጣል።

እኔ ደግሞ አዘንኩላት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ "ሁሉን በአንድ" የሚባል ዕቃ ለመሸጥ እንዴት እንደሚቀል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ሰው በገዛ ሙያውም ይሸወዳል። ለፋሲካ ስጦታ ብዬ ፕሮግረሲቭ መነጽር አሠራሁላት። ከላይ የሩቁን፣ ከመሃል የኮምፒውተር ያህል ርቀት ያለውን፣ ከታች የንባቡን የሚያሳይ፣ እንደ ባይፎካል መስመር የማይታይበት ማለት ነው። ድንገተኛ እንዲሆን ስለፈለግኩ እሷን ይዤ አልሄድኩም። የምርመራ ወረቀቷን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ፍሬሙንም ራሴ መረጥኩ። ጠባብ፣ ዘመናዊ፣ ፊቷን ወጣት የሚያደርግ።

በሁለተኛው ሳምንት ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰንጥቆ በጄሶ ታሰረ። ይበልጥ ያመመኝ ግን ኋላ የነገረችኝ ነው። ካደረገችው ቀን ጀምሮ ደረጃው እየዋኘባት፣ ግድግዳ እየያዘች ነበር የምትወርደው። "ያን ሁሉ ብር አውጥተሽ እንዴት አይታየኝም ልበልሽ?" አለችኝ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ "እማማ፣ ቀኑን በምን ያሳልፋሉ?" የሚል ነበር። እኔ ይህን አንድም ጊዜ አልጠየቅኳትም። ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ዳዊት፣ ማታ ቴሌቪዥን። ኮምፒውተር የለ፣ ስብሰባ የለ።

ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ የቅርቡን ማጥራት ያቅተዋል። ይህ ለማንም አይቀርም። የእማዬ ቁጥር ግን በሁለቱም ዓይኖቿ ማይነስ 2.50 ነው። ይህ ማለት መነጽሯን ስታወልቅ ጥርት ብሎ የሚታያት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ልክ ዳዊቷን የምትይዝበት ርቀት። እኔ እንደ ችግር የቆጠርኩት ማውለቅ ለካ መፍትሔዋ ነበር። አንድ ጎረቤታችን መንገድ ላይ የሚሸጠውን የማንበቢያ መነጽር ገዝታ ሰጥታት "ይብስብኛል" ማለቷም ያን ጊዜ ገባኝ። በባዶ ዓይኗ ላይ ፕላስ 2 ሲጨመርበት መጽሐፉን 22 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ አፍንጫዋ ሥር ማለት ይቻላል፣ ማምጣት ነበረባት።

ደረጃው የዋኘባትስ? ወደ ታች ስታይ የምታየው በንባቡ ክፍል ነው፤ እሱ ደግሞ እግር ሥር ያለውን ያደበዝዛል። በጎንና በጎን ያለውም ይዛባል። በጠባብ ፍሬም ላይ ከሩቅ ወደ ቅርብ የሚሸጋገረው ቦታ ይጣበባል። የዓይኗ ብሌን ሌንሱ ላይ የት እንደሚያርፍ ደግሞ ፍሬሙ ፊቷ ላይ ሆኖ መለካት ነበረበት፤ እኔ ፊቷን ቤት ትቼ ሄድኩ።

ፕሮግረሲቭን እያጣጣልኩ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከላፕቶፕ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ወረቀት የሚያዩት አለቃዬ ያለ እሱ አይሠሩም፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ወስዶባቸዋል።

ኮንታክት ሌንስ ለምናደርግ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ለማንበብ ብለን ብድግ አድርገን አናወልቀውም። አክስቴ 46 ዓመቷ ነው፤ በሌንሷ ላይ ያንኑ የመንገድ ዳር የማንበቢያ መነጽር ትደርባለች፣ ለእሷ ይሠራላታል። በፊት አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ የሚያደርገውን ሞክራ ነበር። የሚስማማቸው ብዙ ናቸው፤ እሷ ግን ርቀት መገመት አቅቷት ቡናውን ከሲኒው ውጪ ቀዳችው። ለቅርብም ለሩቅም በአንድ ላይ የተሠሩ ኮንታክት ሌንሶችም አሉ። ዓይን ከዕድሜ ጋር ስለሚደርቅ ግን ቀኑን ሙሉ ማድረጉ እየከበዳት ነው። (በቧንቧ ውሃ እንዳታጥቡት፣ አድርጋችሁትም እንዳትተኙ፤ እኔም ከዚህ በፊት ቀይ ዓይን ይዤ ቢሮ ገብቻለሁ።)

እማዬ ወደ አሮጌው የሩቅ መነጽሯ ተመልሳለች። እኔ የጨመርኩላት አንገት ላይ የሚንጠለጠል ገመድ ብቻ ነው። ያ ውዱ መነጽር መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አውጥታ "ልጄ የገዛችልኝ" እያለች ታሳያለች። ትናንት ማታ ደግሞ ዳዊቷን ጨርሳ ብድግ አለችና፣ "መነጽሬን ያየ?"

ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል።