ከባንኮኒ ጀርባ ለመቆም ሥልጠና ያስፈልጋል?

በኛ አገር ከባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው ሁለት ስም አለው። ወንድ ከሆነ “ባርማን” ይባላል። ሴት ከሆነች ግን፣ ፊት ለፊት ባይናገረውም፣ ብዙ ሰው በሆዱ “ኮማሪት” ይላታል። የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ሥራ ላይ ነው። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ከዋልኩ በኋላ ሦስት ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ስለሠራሁ የምነግራችሁ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው። እናቴ በዚያን ጊዜ ለጎረቤት “ልጄ ሆቴል ትሠራለች” ነበር የምትለው። “መጠጥ ትቀዳለች” ማለት ከአፏ አይወጣላትም ነበር።

ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ “ገንዘብ ከፍዬ ልሠልጥን ወይስ ዝም ብዬ ልቀጠር?” ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለሥልጠና የምትከፈለው ብር ብዙ ጊዜ የእናት ዕቁብ ወይም የወንድም ደሞዝ ናት። ከከፈሉ በኋላ ሥራው ካልተገኘ፣ ወይም ተገኝቶ በሳምንቱ ካስጠላ፣ ማን ይመልሳታል?

እስቲ ከሙያው ታሪክ እንነሳ። አሜሪካዊው ጄሪ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1862 የመጠጥ አቀማመም መጽሐፍ ያሳተመው ለዓመታት ባርማን ሆኖ ከሠራ በኋላ ነው። እጁ ቀደመ፣ ወረቀቱ ተከተለ። የዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1951 እንግሊዝ አገር ተቋቁሞ የኮክቴሎችን መደበኛ አሠራር በዝርዝር ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በኛም አገር “ካቴሪንግ” እያልን የለመድነው የሆቴልና ቱሪዝም ማሰልጠኛ ስንት ባለሙያ አፍርቷል። ስለዚህ ትምህርቱ ከንቱ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

ነገር ግን የምትቀጠሩበትን ቤት እወቁ። ኔግሮኒ የሚባለው መጠጥ ጂን፣ ካምፓሪና ጣፋጭ ቬርሙት እኩል በእኩል ሆነው እንደሚሠራ ማወቅ ደግ ነው። እኔ በሠራሁበት ቤት ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ኔግሮኒ ያዘዘኝ አንድም ሰው የለም። የሚታዘዘው ቢራ፣ ድራፍት፣ ጂን በቶኒክ፣ አልፎ አልፎ ኡዞና ፈርኔት ነው። እዚያ ቤት ባለሙያ የሚያሰኘው ድራፍቱን አረፋ ብቻ ሳያደርጉ መቅዳት ነው። ብርጭቆውን አዘንብሎ መጀመር፣ ወደ መጨረሻው ቀና ማድረግ። ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ይገድለዋል፤ ሞቅ ያለ ድራፍት ደግሞ ሁሉም አረፋ ይሆናል። ይህን ያስተማሩኝ አንድ የቆዩ ባርማን ናቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ብርጭቆ ሲያሳጥቡኝና ሳጥን ሲያስቆጥሩኝ ከረሙ። አንድ ቀን ውኃ የሞላበት የጂን ጠርሙስ ሰጥተውኝ “እጅሽ እስኪያውቀው ቅጂ” አሉኝ። በልቤ እየቆጠርኩ፣ በመለኪያ እየመለስኩ፣ ስንት ቀን ውኃ ስቀዳ ዋልኩ መሰላችሁ!

ለምን ይህን ያህል እንደደከሙ የገባኝ ቆጠራ ሲመጣ ነው። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ አደራ ልብ በሉልኝ።

አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲንግሉ 30 ሚሊ ሊትር ከሆነ 25 ሲንግል ይወጣዋል። በእያንዳንዱ ላይ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብትጨምሩ፣ የሚወጣው 21 ብቻ ነው። አራት ሲንግል በነነ ማለት ነው። ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ግን ሂሳቡን የሚጠብቀው በ25 ነው። ጉድለቱ የማን ነው? ከባንኮኒ ጀርባ የቆመው ሰው!

እኔ በነበርኩበት ቤት ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። የባለቤቱ ጓደኞች ማታ ማታ እየመጡ “በኋላ ይያዛል” እያሉ ይጠጣሉ። የሚይዘው ግን የለም። ወር ሲሞላ ጉድለቱ ለሁለት ፈረቃ ይካፈልና ከደሞዛችን ይቆረጣል። አንድ ወር ከደሞዜ ግማሹ ሄደብኝ። ለሥራው ዋስ የሆነኝ አጎቴ ነበርና ተቃውሜ ብወጣ “ዕቃ አጉድላ ጠፋች” ተብሎ እሱ ይጠራል ብዬ ዝም አልኩ። እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

ከሥራ በኋላ ማታ ማታ አጭር ሥልጠና የገባሁት ያን ጊዜ ነው። ኮክቴሉን ወደድኩት፤ ሕይወቴን ያቀለለልኝ ግን የርክክብ ወረቀት ነው። ፈረቃ ሲለወጥ የተከፈተው ጠርሙስ ሁሉ ይለካል፣ ቢራው በጠርሙስ ይቆጠራል፣ ሁለቱም ሠራተኞች ይፈርማሉ። “በኋላ ይያዛል” የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ቀኑና መጠኑ ይጻፋል፣ ባለቤቱ ይፈርማል። ወረቀቱን ይዤ ስቀርብ ባለቤቱ መጀመሪያ ቆጣ አለ። በሁለተኛው ወር ግን ጉድለቱ ወዴት እንደሚሄድ ራሱ አየው፤ ከደሞዛችን መቁረጡም ቀረ።

ሕጉንም እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ያለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ደሞዝ አይቆረጥም ይላል። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ስትቀጠሩ የምትፈርሙትን ወረቀት አንብቡ። “ፈርሚ ችግር የለውም” ሲሏችሁ ችግሩ ያለው እዚያው ነው።

ለሴቶች እህቶቼ አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኛ “ለኔ ስትይ አንድ ጠጪ” ማለቱ አይቀርም። መሳደብም መሽኮርመምም አያስፈልግም። “እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ” ብሎ ፈገግ ማለትና ወደ ሌላው ደንበኛ መዞር ይበቃል። ከመቀጠራችሁ በፊት ደግሞ ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋና ማታ ማን እንደሚያደርሳችሁ ጠይቁ። ሰርቪስ የሌለው ቤት ደሞዙ ቢያምርም ለታክሲ ኮንትራት ነው የምትሠሩት። ዕድሜው አጠራጣሪ የሆነ ልጅ ሲያዝም መታወቂያ ጠይቁ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል።

ታዲያ ይማሩ ወይስ ይቀጠሩ? የኔ ምክር ይሄ ነው። የምታስቡት የሰፈር ግሮሰሪ ወይም ቡና ቤት ከሆነ መጀመሪያ ብርጭቆ አጣቢም ሆናችሁ ግቡና ጥቂት ወራት እዩት። ሌሊቱን፣ ጭሱን፣ የሰካራሙን ጭቅጭቅ ከቻላችሁት ያን ጊዜ ተማሩ። ሐሳባችሁ ትልልቅ ሆቴል ወይም ውጭ አገር ከሆነ ግን ወረቀቱንና እንግሊዝኛውን አስቀድሙ፤ እዚያ ያለ ምስክር ወረቀት በሩን ማንኳኳት ያስቸግራል።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ማሰልጠኛውን ሄዳችሁ እዩ። መለማመጃ ባንኮኒ አለው? አስተማሪው ራሱ ከባንኮኒ ጀርባ ሠርቷል? የተግባር ልምምድ የት ይልካችኋል? ቆጠራና ርክክብ ያስተምራል ወይስ ጠርሙስ መወርወር ብቻ? “ሥራ እናስቀጥራለን” ካሏችሁም ያስቀጠሩትን ሁለት ልጅ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ካቅማሙ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የሥራ ትንሽ የለውም። መጠጥ መቅዳት ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ በስም አይዋረድም። ያም ሆኖ በዚህ ሥራ እንጀራ የሚበላው እጁ የሚያውቅና የፈረመበትን የሚያውቅ ሰው ነው።

በሉ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።