ከሐይቅ ዳር ወደ ዲላ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በዲላ መናኸሪያ ከሁሉም ቀድሞ የሚሞላው የሐዋሳው መኪና ነው። የቢሮ ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የሆስፒታል ባለሙያው ትንሽ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረፋ ይይዛል። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ያንኑ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ተመልሶ ይመጣል። እኔም ዲላ የተመደብኩ ሰሞን ለወራት እንዲሁ ተመላልሻለሁ። ቤቴም፣ ልጆቼም፣ እድሬም ሐዋሳ ነበሩ። ዲላ ላይ የነበረኝ አንድ የኪራይ ክፍል፣ አንድ ፍራሽና አንድ ማንቆርቆሪያ ነው።

እንደ እኔ ያለው ሰው ብዙ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው በአንድ ከተማ አልተወሰነም፤ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካና ካራት ተካፈሉት። የቀድሞው ደቡብ ክልል መዲና ሐዋሳ ነበረች። እዚያ ተድሮ፣ እዚያ ወልዶ፣ እሑድ እሑድ ልጆቹን ሐይቅ ዳር ይዞ እየወጣ ዓሣ ሲያበላ የኖረ ሠራተኛ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደየምድቡ ሄደ።

በሌላው ዓለም ሰው አገር ቀይሮ ለመኖር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ውኃ ዳር ነው። ኬንያ ውስጥ ማሊንዲ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ስንትና ስንት ጣልያን ቤት ሠርቶ ኖሯል። ዲላን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልትም ናይሮቢ ደርሶ፣ ከዚያ ሞምባሳ ላይ ባሕሩን ያገኛል። እኛ የተጓዝነው ግን ሐይቁን ከኋላ ትተን ወደ ተራራው ግርጌ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የመጣንበትን ቦታ ሳናይ የተውነውን ስንቆጥር ከረምን።

እኔን ከዚህ ያወጣችኝ አከራዬ ናት። አንድ ዓርብ ዝናቡ በርትቶ ሳልሄድ ቀረሁ። ማታ ቡና ጠራችኝና ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች፣ «ልጄ፣ አንተ እኮ እዚህ ትሠራለህ እንጂ አትኖርም» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። በማግሥቱ በግቢዋ በስተጀርባ ይዛኝ ወረደች።

ከዲላ ከተማ ወጥቶ ገጠር ለመግባት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከአስፋልቱ ጥቂት መቶ ሜትር ራቅ ሲሉ ጓሮው ይጀምራል። ጓሮ ስል የጎመን መደብ ማለቴ አይደለም። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ጥላቸውን ይጥላሉ፤ ከሥራቸው እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይዘረጋል፤ በእንሰቱና በዛፉ መካከል ቡናው ቆሟል፤ ከታች ቦይናና ጎመን አለ። ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ደን ነው። ውስጡ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው፤ የተተከለበትን ምክንያትም የሚነግር አዋቂ አይጠፋም። ዛፉ ለቡናው ጥላ፣ ረጋፊ ቅጠሉ ለአፈሩ ምግብ ነው። እንሰቱ ለጉሮሮ ነው፤ ቆጮና ቡላው ዝናብ ቢያጥርም ቤተሰቡን ያቆያል። ቡናው ለልብስ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለመድኃኒት ነው።

የሚገርመኝ የሰዉ ብዛት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዲላ ያለችበት የጌዴኦ ዞን 847,434 ሰው ነበረው፤ መሬቱ ደግሞ ወደ 1,211 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል። ሌላ ቦታ ሰው እንዲህ ሲበዛ ዛፍ ይመነጠራል፤ እዚህ ሰውና ዛፍ አብረው በዙ። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከትክል ድንጋዮቹ ጋር ይህን ጓሮና በሽማግሌዎች ሥርዓት የሚጠበቁትን ደኖች ጨምሮ ነው። ትልቁን ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ሶንጎ የሚባለውን የሽማግሌዎች ሸንጎ ቃል የሚሰማ ሕዝብ ባይሆን ኖሮ የሚመዘገብ ነገር አይተርፍም ነበር።

ስለ ትክል ድንጋዮቹ አንድ ነገር ልጨምር። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ለጎብኚ የታወቁ ናቸው። ሳካሮ ሶዶ የሚባለውን ሥፍራ የመረመሩ ተመራማሪዎች ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ድንጋዮቹ ከታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል እንደሚቀድሙ፣ ወደ መጀመሪያው ምዕተ ዓመት እንደሚደርሱ አሳይተዋል። እዚያው ከተገኘው ባልጩት አብዛኛው የመጣው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሰሜን ኬንያ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሞያሌውን መንገድ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። አስፋልቱ ሳይታሰብ ሁለት ሺህ ዓመት ቀድሞ በዚህ አቅጣጫ ዕቃ ይጓዝ ነበር።

ዲላ በመጤ የተሠራች ከተማ ናት። አመጣጡ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከምኒልክ ጦር ጋር የመጣው መሬቱን ወስዶ ባላገሩን ገባር አደረገው፤ የሕዝቡም ስም ሳይቀር «ደራሳ» እየተባለ በሌላ ስም ተጻፈ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ በባለርስቶቹ ላይ ተነሥቶ ደም ፈስሷል። አዲስ ገቢ ይህን ሳያውቅ በሽማግሌዎች ፊት ስለ መሬት አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1941 ዓ.ም. (በ1948 እ.ኤ.አ. መጨረሻ) ደግሞ አልበርት ብራንትና ግሌን ኬን የሚባሉ ካናዳውያን ሚስዮናውያን መጥተው ከከተማው ዳር በትልቅ ዛፍ ሥር ድንኳን ተከሉ። ብራንት እዚህ ቆይቶ ኋላ የኑሮውን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፏል። የቡና ነጋዴውም መጣ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በመጀመሪያ ኮሌጁ፣ ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው ከየክልሉ ልጅ ሰበሰበ። «ዲላ ደረሰኝ» ብሎ በካርታ ከተማዋን የፈለገ ስንት ተማሪ አለ።

በ2010 ዓ.ም. የመጣው ግን ወዶ አልመጣም። የጌዴኦ መሬት ስለጠበበ ብዙ ቤተሰብ ወደ ምዕራብ ጉጂ ሄዶ ቡና ተክሎ ይኖር ነበር። እዚያ ግጭት ሲነሣ ከሁለቱም ወገን ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ጌዴኦ ነበር፤ በገደብ፣ በዲላና በሌሎችም ቦታዎች በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ ተጠለለ። ከሐዋሳ በደመወዝና በአበል የተዛወርን ሰዎች ስለ ስደት ስናማርር ይህን ብናስታውስ ደግ ነው።

ኑሮው እንዴት ነው ለሚለኝ፣ የሚመራው በቡና ነው እላለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸት ሲለቀም ከተማው ይለወጣል። መኪናው ይበዛል፣ ገበያው ይሞቃል፣ ብድር ይከፈላል፣ ሠርግ ይደገሳል። ጥር ላይ ጌዴኦ ደራሮን ያከብራል፤ ምስጋና ለፈጣሪ፣ ስጦታ ለአባ ገዳው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት እጅ ያጥራል፤ ባለሱቁም ባለባጃጁም ይቀዘቅዛል። ይርጋጨፌ የሚለው ስም ዓለምን ቢዞርም፣ የለቃሚዋ ዓመት ያው በእሸቱ ዋጋ ይወሰናል።

ቋንቋውን መልመድ ከታሰበው ይቀላል። ጌዴኦፋ የሲዳምኛ ዘመድ ስለሆነ ሐዋሳ የኖረ ሰው ብዙ ቃል በጆሮው ያውቀዋል። በአማርኛ ሁሉም ያስተናግዳል፤ ሰላምታውን በጌዴኦፋ የመለሰ ግን ወዲያው ወንበር ይቀርብለታል።

የጎደለውን አልደብቅም። ለልጆች የሚሆን መናፈሻ ጠባብ ነው፤ የውኃና የመብራት ነገርም ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን ከተማ የሚሻሻለው በሚኖሩበት ሰዎች ነው። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ የቢሮ ኃላፊውም ልጆቻቸውን ሌላ ከተማ እያስተማሩ የዲላ ትምህርት ቤት እንዲሻሻል ማን ይጠይቃል? ቅዳሜና እሑድ ለማይውልበት ሰፈር መንገድ ማን ይከራከራል?

እኔ ቤተሰቤን ያመጣሁት ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ዘግይቻለሁ። አዲስ ተመዳቢዎች ሆይ፣ እናንተ አትዘግዩ። የመጀመሪያውን ዓርብ መናኸሪያ አትሂዱ። አከራያችሁ ቡና ስትጠራችሁ ገብታችሁ ተቀመጡ፤ ሦስተኛውንም ስኒ ጠጡ።